በሁለት ገጽ ስለ ተፈጸመ ጦርነት

ለልጆች የተሣለውን የሥዕል ታሪክ ትልቅ ሰው ቢያነበው ነውር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የልጅ ጨዋታ አንዳንድ ጊዜ የአባቶችን ጉዳይ ይዞ እንደሚገኝ አይተናልና፤ ብዙ ሰው ስለ ረሳው ስለ አንድ የሥዕል ታሪክ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን። የምንጠራቸውም ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሱፐርማን የተባለው ኃያል ሰው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። የፈጠሩት በአሜሪካ አገር በክሊቭላንድ ከተማ የነበሩ ሁለት ወጣቶች፤ ድርሰቱን ጄሪ ሲግል፥ ሥዕሉን ጆ ሹስተር ሆነው ነው። ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁድ ቤተ ሰቦች ልጆች ነበሩ። ሥራቸው በ1938 ታትሞ ከወጣ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ዝናው አገሩን ሞላው።

በፌብሩዋሪ 27 ቀን 1940 እነዚህ ሁለት ሰዎች ሉክ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ፥ ሱፐርማን ጦርነቱን እንዴት አድርጎ ይፈጽመው እንደ ነበረ የሚያሳይ የሁለት ገጽ ታሪክ አወጡ። በዚያ ጊዜ ጀርመን ፖላንድን ወርራ ነበር፤ ሩሲያም ፊንላንድን ትወጋ ነበር፤ አሜሪካ ግን ገና ወደ ጦርነቱ አልገባችም።

ታሪኩም እንዲህ ነው። ሱፐርማን የጀርመንን ምሽግ ያፈርሳል፤ ሂትለርን ከተቀመጠበት አንጠልጥሎ ያወጣዋል፤ ቀጥሎም ወደ ሞስኮ በአየር ተጉዞ ስታሊንን ይጨምራል። ሁለቱንም ይዞ ዠኔቭ ወደሚገኘው ወደ መንግሥታት ማኅበር ያደርሳቸዋል። በዚያም ራሱን ለመከላከል የማይችለውን አገር ያለ በደሉ ስለ ወረሩ ጥፋተኞች ናቸው ተብሎ ይፈረድባቸዋል።

ኃያሉ ሰው ሊገድላቸው ሲችል አልገደላቸውም፤ ለዳኛ አስረከባቸው እንጂ። በአገራችን የቀድሞ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፥ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፥ ይህን ሥዕል ሲያይ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የሂትለር የኤስ ኤስ ጭፍሮች ጋዜጣ ግን ነገሩን ተረት ነው ብሎ አላለፈውም። በኤፕሪል 25 ቀን 1940 ሲግልን በአይሁድነቱ እየሰደበ ብዙ ዘለፋ ጻፈበት።

ዠኔቭ የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ተረት አይደለም። ያ ማኅበር በ1935 ኢጣልያ ሕጉን አፍርሳ ጦር አነሣች ብሎ ፈርዶ ነበር። ነገር ግን ቅጣቱ ሲወሰን ነዳጅ ዘይት ከክልከላው ውጭ ሆነ፤ የስዊዝ ቦይም ጦር ለሚጭኑት መርከቦችዋ ክፍት ሆኖ ቀረ። በጁን 30 ቀን 1936 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ማኅበር ፊት ቆመው የሕዝባቸውን በደል ተናገሩ፤ በሚከተለው ወር ግን ያ ቀላል ቅጣት እንኳ ተነሣ። ፍርዱ ተሰጥቶ ነበር፤ የጐደለው የሚያስፈጽም ክንድ ነው። ሁለቱ ወጣቶች የሣሉት ይህንኑ የጐደለውን ክንድ ነው።

ነገር ግን ሥዕሉን ደግመን ስናየው አንድ ሰው ጐድሎ እናገኛለን። ሙሶሊኒ በዚያ የለም። ኢጣልያ ወደ አውሮፓው ጦርነት የገባችው በጁን 10 ቀን 1940 ነውና፥ በዚያ ወር ገና ከዳር ቆማ ትመለከት ነበር። የኢትዮጵያ አርበኞች ግን በዱር በገደል ሲዋጉ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ደራሲዎቹን በክፋት አንከሳቸውም፤ ሰው አስቀድሞ የሚጮኸው የዘመዱ ቤት ሲቃጠል ነው። ሆኖም የቈየ በደል ከአዲስ በደል በታች እንደሚቀበር ይህ ሥዕል ያስረዳናል።

በእውነተኛውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። ማርሻል ግራዚያኒ በ1950 በኢጣልያ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋራ ስለ ተባበረ ነው እንጂ፥ በአዲስ አበባ ስለ ፈሰሰው ደም አይደለም።

እንግዲህ ልጆቻችን የኃያላንን ታሪክ ሲያነቡ አንከልክላቸው፤ መጽሐፉንም ከእጃቸው አንንጠቅ። ከአጠገባቸው ተቀምጠን ግን ሁለት ነገር እንጠይቃቸው። መጀመሪያ፤ ይህ ኃያል ሰው ጕልበቱን ያዋለው ለራሱ ነው ወይስ ለፍርድ? ሁለተኛም፤ በሥዕሉ ውስጥ መቆም ሲገባው ያልተሣለ ማን ነው? መጀመሪያውን ልጆቹ ራሳቸው ፈጥነው ይመልሱታል። ሁለተኛውን ግን የአገራቸውን ታሪክ ካልነገርናቸው ሊመልሱት አይችሉም፤ ይህም የእኛ ዕዳ ነው።