ስለ መጪው የሆኪ ዘመንና ተስፋን በልክ ስለ መያዝ

በካናዳ አገር የሜፕል ዛፍ ቅጠል ቀልቶ መርገፍ በሚጀምርበት ወራት፣ የቶሮንቶ ከተማ ሰው እርስ በርሱ አንድ ነገር ይጠያየቃል። ይኸውም «ዘንድሮስ ዋንጫው ይመጣ ይሆን?» የሚል ነው። የከተማው የሆኪ ቡድን ስሙን የወሰደው ከዚሁ ዛፍ ሲሆን፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ሜፕል ሊፍስ፣ ማለት የሜፕል ቅጠሎች ተብሎ ይጠራል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። እኛም ከቡድኑ ወዳጆች ወገን ነንና፣ አንባብያን ይህን አስቀድመው እንዲያውቁት እንወዳለን።

ሆኪን ላላዩ ሁሉ የገናን ጨዋታ ማሰብ ይበቃል። በገና ሩሩ በዱላ እየተመታ ወደ ባላጋራው ወገን እንደሚነዳ፣ እንዲሁ በሆኪ ስድስት ስድስት ተጫዋቾች ከበታቹ የብረት ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው በበረዶ ሜዳ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ክብ ነገር በዱላ እየመቱ ጎል ለማግባት ይታገላሉ። ጨዋታው እያንዳንዱ 20 ደቂቃ በሆነ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው።

ነገሩን በዚህ ገጽ ያነሣንበት ምክንያት ግን ጨዋታው ራሱ አይደለም፤ የቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። በቶሮንቶ ብዙ የአገራችን ሰዎች ቤት ሠርተው ልጅ አሳድገው ይኖራሉ። ልጅ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር የዚህን ቡድን ሰማያዊና ነጭ ልብስ መውደድ የጀመረ እንደ ሆነ፣ አንድ ቀን ወደ አባቱ ቀርቦ «ዘንድሮ እናሸንፋለን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አባት «አዎን» ብሎ ቢምልለት፣ የጸደይ ወራት ሲደርስ ልጁ በቡድኑም በአባቱም ቃል ያዝናል። «ከንቱ ነገር ነው» ብሎ ቢያፌዝበት ደግሞ፣ ለአንድ ነገር ታማኝ መሆን የጀመረውን ልብ ይሰብረዋል። ስለዚህ እውነተኛውን መልስ ማወቅ ይገባል።

ቡድኑ የስታንሊን ዋንጫ 13 ጊዜ ወስዷል። በ1942 ለዋንጫው ከዲትሮይት ጋር በተጋጠመ ጊዜ ሦስት ጨዋታ አከታትሎ ከተሸነፈ በኋላ አራቱን አከታትሎ አሸንፎ፣ ተስፋ የቆረጠውን ሁሉ አሳፍሯል። የመጨረሻውን ዋንጫ ያነሣው ግን በ1967 ሲሆን፣ ያን ጊዜ በማኅበሩ ውስጥ የነበሩት ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ከ2021 ወዲህ 32 ሆነዋል። ዕድል ለሁሉ በእኩል ቢታደል እንኳ ለአንዱ ቡድን በ32 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሰዋል። የአያቶች ዘመን ተስፋ ለልጅ ልጆች ሳይቀነስ ሊሰጥ የማይገባው ስለዚህ ነው።

የጨዋታው ዘመን ረጅም ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን ከ80 በላይ ጨዋታ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የተመረጡት 16 ቡድኖች ሁለት ሁለት ሆነው እስከ ሰባት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ አራት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈው ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። ዋንጫውን የሚወስደው አራት ዙር ያለፈው ነው። የእኛም ቡድን ሕመም ያለው ከዚህ ላይ ነው። በ2013፣ በ2018፣ በ2019፣ በ2021፣ በ2022፣ በ2024ና በ2025 በሰባተኛው ጨዋታ ተሸንፎ ወጥቷል። በ2022 የሆነውማ እጅግ የሚያስተምር ነው፤ በዚያ ዘመን 54 ጨዋታ አሸንፎ ከቀድሞው ታሪኩ ሁሉ የበለጠ ውጤት ካገኘ በኋላ፣ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ።

ምክንያቱን ለሚመረምር ሰው አንዱ የቤት አስተዳደርን ይመስላል። ከ2005 ጀምሮ እያንዳንዱ ቡድን ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ደመወዝ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ በሕግ ተከልክሏል። የቶሮንቶ ቡድን ግን ከ2019 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የተፈቀደለትን ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ለአራት ተጫዋቾች ብቻ ይከፍል ነበር። ከእነርሱ አንዱ ኦስተን ማቲውስ በ2023–24 ዘመን 69 ጎል በማግባቱ ለክፍያው የተገባ መሆኑን አሳይቷል፤ ነገር ግን ገቢውን ግማሽ ለአራት እንግዶች ድግስ የሚያወጣ ጌታ ለቀሩት ጠረጴዛዎች የሚያቀርበው ማነሱ አይቀርም። ከአራቱም አንዱ ሚች ማርነር በ2025 ወደ ላስ ቬጋስ ቡድን ሄዷል።

ስለዚህ መጪውን ዘመን የሚከታተል ወዳጅ የድሉን ብዛት ብቻ አይቍጠር። ጎል የሚያገቡት ጥቂቶች ናቸው ወይስ ብዙዎች? ቡድኑ እየመራ ወደ ሦስተኛው ክፍል በገባ ጊዜ መሪነቱን ይጠብቃልን? ሁለቱ በረኞች ድካሙን ተካፍለው ለጸደይ ጕልበት ያስቀራሉን? በክረምት እነዚህ ሦስቱ መልካም ሆነው ከታዩ፣ ተስፋችን መሠረት አለው። ካልታዩ ግን፣ የመጀመሪያው ወር ድል ምንም ቢበዛ «ላም አለኝ በሰማይ» የተባለው ይሆንብናል።

ለወላጆች ደግሞ ይህን እንመክራለን። በቶሮንቶ ብዙው ጨዋታ የሚጀመረው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኖ የሚያልቀው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ስለ ሆነ፣ በማግሥቱ ትምህርት ያለው ልጅ የመጀመሪያውን ክፍል አይቶ ይተኛ፤ ውጤቱንም ጧት ከቍርስ ጋር ይስማ። አባትም በሌሊት በሆነው ሽንፈት ጧት በቤተ ሰቡ ላይ ፊቱን አያጥቍር። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ ከጥንት የቆየ ልማዳችን ነውና፣ ይህን ልማድ ባሕር ማዶም ይዞ መገኘት ያስከብራል።

ሰባተኛው ጨዋታ የደረሰ እንደ ሆነ ግን ደንቡን ለአንድ ምሽት ማላላት ይገባል። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ጨዋታው እንዳለቀ ወዲያው ከፊቱ መነሣት አያስፈልግም፤ በዋንጫው ግጥሚያ አንድ ዙር ሲፈጸም የሁለቱ ወገን ተጫዋቾች በበረዶው ላይ ተሰልፈው እጅ ለእጅ የሚጨባበጡበት ልማድ አለና። ልጁ ያን ይመልከት። «ዘንድሮ እናሸንፋለን?» ብሎ ለጠየቀው አባት «ተስፋ አደርጋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልህም» ብሎ ይመልስለት፤ ቢሸነፉም ያን ሰማያዊ ልብስ በማግሥቱ ለብሶ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ይፍቀድለት።