ቪዛው የሚጀምረው ከአሠሪው ነው

ማታ ስልክዎ ይጠራል እንበል። የሚደውሉት ቦዲቲ ያሉት አጎትዎ ናቸው። የቤተሰቡ ደህንነት አንድ በአንድ ከተጠየቀ በኋላ ወደ ጉዳዩ ይገባሉ። ካናዳ ያለው ትልቁ ልጅ ደውሏል። የሚሠራበት ፋብሪካ በያጅ ይፈልጋል፤ አለቃውም «እስቲ ወንድምህን እናስመጣው» ብሎታል። ታናሹ ሶዶ ከተማ በርና መስኮት ሲበይድ ዓመታት አስቆጥሯል። «ወረቀቱን በነገው አውቶቡስ እልካለሁ፤ እናንተ አዲስ አበባ ስላላችሁ ጨርሱልን» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብሩስ ስንት ነው? በሬዎቹን ልሽጥ ወይስ መሬቱን ላከራይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይህን ስልክ ያልተቀበለ የከተማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን ግን መልስ መስጠት የምንጀምረው ከመጨረሻው ጥያቄ፣ ከብሩ ነው። መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው ማን ነው? ለየትኛው መሥሪያ ቤት?

የባለሙያ የሥራ ቪዛ ከጉብኝትም ሆነ ከትምህርት ቪዛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ የሠራተኛው ሳይሆን የአሠሪው ነው። አሠሪው የራሱን መንግሥት ካላሳመነ፣ ሶዶ ያለው ልጅ የቱንም ያህል ወረቀት ቢደረድር ፋይሉ ቦታውን አይለቅም።

የአጎትዎን ልጅ ጉዳይ እንውሰድ። በካናዳ አሠሪው በአብዛኛው ማለፍ ያለበት ኤልኤምአይኤ የሚባለውን የሥራ ገበያ ተፅዕኖ ግምገማ ነው። የሥራ ቦታውን በማስታወቂያ ለሳምንታት አውጥቶ ካናዳዊ ወይም ቋሚ ነዋሪ ፈልጎ እንዳጣ፣ የሚከፍለውም ደመወዝ ለአካባቢው የሚመጥን መሆኑን ያስረዳል። ለአንድ የሥራ ቦታ የማመልከቻ ክፍያው 1,000 የካናዳ ዶላር ነው፤ የሚከፍለውም አሠሪው ነው። ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው መልሶ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «የኤልኤምአይኤውን ክፍያ እናንተ ሸፍኑ» ካለዎት፣ ወይ አሠሪው ሕግ እየጣሰ ነው፣ ወይ አሠሪ የሚባል ሰው ጭራሽ የለም።

አለቃው ቅን ሰው ሆኖም ላይሳካለት ይችላል። ከመስከረም 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ካናዳ ሥራ አጥነት 6 በመቶና ከዚያ በላይ በደረሰባቸው ትልልቅ ከተሞች የዝቅተኛ ደመወዝ ማመልከቻዎችን፣ ከጥቂት ዘርፎች በቀር፣ አትመለከትም። ትልቁ ልጅ ወንድሙን ተስፋ ከማስያዙ በፊት አለቃውን ሊጠይቀው የሚገባው ይህንን ነው። ፋብሪካው የት ከተማ ነው? ደመወዙ ከፍተኛ ከሚባለው ነው ወይስ ዝቅተኛ? ከዚህ በፊትስ ከውጭ ሰው አስመጥቶ ያውቃል? ግምገማው ከተፈቀደ በኋላ ብቻ ነው ታናሹ በራሱ ስም ለሥራ ፈቃድ የሚያመለክተው።

ጥሪው ከእንግሊዝ ቢሆንስ? እዚያ አሠሪው አስቀድሞ ከአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የስፖንሰርነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ስም ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ከፍቶ ማየት ይችላል። የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት የሚባለውም በማኅተም ያጌጠ ወረቀት አይደለም፤ በኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ ሠራተኛው በ3 ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። በፍሬም ሊሰቀል የሚችል «ሰርተፊኬት» የሚሸጥልዎት ሰው ካለ የሸጠልዎት ፍሬሙን ነው።

ለነርሶች አንድ ነገር ልጨምር፤ ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ይህን መንገድ የሚያስቡ ብዙ ናቸውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጤና ባለሙያ እጥረታቸው ከፍተኛ ነው ያላቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያ አንዷ ናት። የእንግሊዝ የቅጥር መመሪያ ከእነዚህ አገሮች ሰው በዘመቻ መመልመልን ይከለክላል። ነርሷ ራሷ ክፍት ቦታ አይታ በቀጥታ ብታመለክት አይከለከልም። «ለእንግሊዝ ሆስፒታሎች ነርስ እየመለመልን ነው» ብሎ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ የሚጠራ ወኪል ግን ገና ከበሩ አጠራጣሪ ነው። አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2025 (ፈረንጆች) ጀምሮ ከውጭ ለሚመጡ አዲስ አመልካቾች ተዘግቷል። ያንን ቦታ ዛሬም የሚሸጡ አሉ።

ጀርመን ዘንድ አሠሪው ነገሩን ማፋጠን ይችላል። ከሠራተኛው ውክልና ተቀብሎ፣ በከተማው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ 411 ዩሮ ከፍሎ የተፋጠነውን ሂደት ያስጀምራል። ውክልናው ከዚህ ስለሚሄድ ለማን እንደተሰጠና ምን እንደሚያስፈጽም ሳያነቡ እንዳይፈርሙ።

አሁን ወደ ፖስታው እንመለስ፤ አውቶቡሱ ደርሷል። ይከፍቱታል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

የትምህርት ማስረጃው ላይ የልጁ ስም በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ነው። የትውልድ ቦታውን የልደት ምስክር ወረቀቱ «ቦዲቲ» ሲል ቲን በአንድ ፊደል፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫው ደግሞ በሁለት ፊደል ጽፎታል። ወላይታ የሚለውን አንዱ በአይ፣ ሌላው በዋይ ይጽፋል። ይባስ ብሎ የድሮው ወረቀት ክልሉን ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ይለዋል፤ ዞኑ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ስለሆነ አዲሱ ወረቀት በአዲሱ ስም ነው። እኛ ስናየው ያው አንድ ልጅ፣ ያው አንድ ከተማ ነው። ፋይሉን ኦታዋ ላይ ለከፈተው ሰው ግን ሦስት ሰው ከሁለት ክልል የመጣ ይመስለዋል። መነሻው ፓስፖርቱ ይሁን። አሠሪው ስሙን ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ይቅዳ፤ ልዩነቱንና የክልሉን ስም መለወጥ ደግሞ በአጭር ማብራሪያ አብረው ይላኩለት። ሊታረም የሚችለው ሰነድ ወደ ቦዲቲ ተመልሶ ቢታረም ይሻላል፤ ሁለት ቀን ይወስዳል፣ ወራት ያድናል።

የዘመን አቆጣጠሩ ከዚህ የባሰ ጣጣ አለው። ልጁ የተወለደው መስከረም 1 ቀን 1990 ነው፤ ፓስፖርቱ ይህን በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 1997 ብሎ ይዟል። የብየዳ ቤቱ ደብዳቤ ደግሞ «ከጥቅምት 2013 እስከ ሰኔ 2016 ሠርቷል» ይላል። ትርጉም ቤቱ ቁጥሩን እንዳለ ከገለበጠው ልጁ በ16 ዓመቱ ተቀጥሮ የሠራ፣ ከዚያም ሥራ ፈትቶ ዓመታት የተቀመጠ ይመስላል። ትክክለኛው ከጥቅምት 2020 እስከ ሰኔ 2024 ነው። ትርጉሙን ከትርጉም ቤት ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት ቀኖቹን ይሁን፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ከሄዱ በኋላ መመለስ ወረፋ ነው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤው ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። እኛ አገር የተለመደው «ሥራውን በአግባቡ የሠራ መሆኑን እየገለጽን» የሚል ሁለት መስመርና አንድ ክብ ማኅተም ነው። የካናዳው አለቃ የሚፈልገው ግን ልጁ ምን እንደሚበይድ፣ በምን ማሽን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በምን ደመወዝ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ የሚናገርና ሲደወል የሚነሣ ስልክ ያለበት ደብዳቤ ነው። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ይህን ለመጻፍ ላይመቻቸው ይችላል፤ ረቂቁን እናንተው አዘጋጅታችሁ ያንብቡትና ይፈርሙበት። ነገር ግን ሦስት ዓመቱን ስድስት አታድርጉት። ካናዳ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ የተገኘ ሰውን ለ5 ዓመት ታግዳለች፤ እንግሊዝ ማታለልን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እገዳ ትቀጣለች። የብየዳ ቤቱ ባለቤትም በስልክ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ፤ ሰውየው ምን በወጣቸው!

በአገር ቤትም ሕግ አለ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 ወጪውን ከፋፍሎታል። ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትኬቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ በአሠሪው ነው። ፓስፖርቱ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የጤና ምርመራው፣ ክትባቱ፣ የሙያ ብቃት ምዘናው በሠራተኛው ነው። በቀጥታ ቅጥር የሚሄድ ሰው ጉዳይም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ማለፍ አለበት፤ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚታሰብበት ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ወረቀት አሰልቺ መሆኑን አላጣሁትም። ግን አጎትዎ ሌላውን መንገድም ያውቁታል። ከደቡቡ ክፍል በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን፣ ደላላው ወረቀት የማይጠይቅበትን። በመጋቢት 2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ታናሹ ልጅ ወረቀቱ ሲጓተትበት ጓደኞቹ የሚያሳዩት መንገድ ያ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ምን እየተጠበቀ እንደሆነ፣ ፋይሉ አሁን ማን ጋ እንዳለ ለልጁ በየጊዜው ይነገረው። ሰው የሚሸሸው ከረጅም ጥበቃ ይልቅ መጨረሻው ከማይታወቅ ጥበቃ ነው።

ለአጎትዎ ነገ መልሰው ሲደውሉ በሬዎቹ ይቆዩ ይበሏቸው። ትልቁ ልጅ የድርጅቱን ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የሥራውን መጠሪያና ደመወዙን ከአለቃው ጽፎ ይላክ። ታናሹም የብየዳ ቤቱን ባለቤት ቅዳሜ ከሰዓት ያግኛቸው፤ ያኔ ሥራው ቀለል ይላቸዋል።