የሣር ምንጣፍ ከመግዛታችን በፊት ጦስኝ እንዝራ

ከመካነ ሰላም ወጥቶ ወደ ደጋው በሚያቀናው መንገድ ክረምቱ ሲያበቃ የተጓዘ ሰው ያንን ሽታ አይረሳውም። በጎች በረገጡት ቁጥር ከድንጋዩ መሀል ይነሳል። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር የምናስፈጨው ጦስኝ ነው።

«አገር በዚህ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሆና ስለ ጦስኝ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ጎርፍ እኛ ተስማምተን እስክንጨርስ አይጠብቅም፤ አፈሩን ይዞ ወደ ዓባይ መውረዱን ቀጥሏል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ትልልቆቹ ሰዎች ሳይሆን ስለ እግራችን ሥር ላውራ።

የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከተጀመረ ወዲህ ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። ከእሱ ጋር አንድ ምኞት አብሮ መጣ፤ የሣር ምንጣፍ። ቤት የሠራ ሁሉ ለግቢው ያንኑ ያምረዋል። እኔም አምሮኝ ነበር። ነገር ግን የተገዛ ሣር በበጋ ውሃ ይፈልጋል፤ በብዙዎቹ የደጋ ከተሞቻችን ደግሞ በበጋ ውሃ በጄሪካን ተሸክመው የሚያመጡት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ለሰው ያልበቃውን ውሃ ለሣር ማጠጣት ከጀመርን ነገሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ፈረንጆች ይህን ችግር ካወቁት ቆይተዋል። በአትክልት ቦታቸው በሣር ፈንታ መሬት ለመሬት የሚሳብ የጦስኝ ዘመድ ዘርተው፣ በተነጠፈ ድንጋይ መሀል ሳይቀር ያበቅላሉ። ዘሩን የሚገዙት በፓኬት ነው። እኛ ግን የራሳችን አለን። የዕፅዋት ሊቃውንት ታይመስ ሺምፐሪ የሚሉት ጦስኝ የኢትዮጵያ ደጋ ብርቅዬ ተክል ነው። ስሙን ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ዕፅዋት ሲሰበስብ ከነበረው ጀርመናዊ፣ ከሺምፐር ነው። ስስ አፈር፣ ድንጋያማ ቦታ፣ ቀን የሚያቃጥል ፀሐይና ሌሊት የሚያጥወለውል ብርድ የለመደ ነው። ለእኛ ግቢ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል?

እዚህ ላይ ግን ዋናው ጉዳዬ አለ። ጦስኝ ወደ ገበያ የሚመጣው በአብዛኛው ከዱር ነው። ሲያብብ ተነቅሎ ይደርቅና በጣሳ ተሰፍሮ ይሸጣል። ግንዱ ቀጭን፣ ሥሩ ከድንጋይ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሳብ ሲያደርጉት አፈሩን ይዞ ይወጣል። ሥሩ የወጣ ጦስኝ ደግሞ አይመለስም። የተነቀለው ሲያብብ ከሆነ ዘሩም ገና አልደረሰም፤ ለከርሞ የሚወድቅ ነገር የለም። ታዲያ እኔና እናንተ «ግቢዬን ጦስኝ ላልብስ» ብለን ከነሥሩ ቆፍረን የምናመጣ ከሆነ፣ ግቢያችንን ለማልበስ ጋራውን ማራቆታችን ነው። ሥር ገንጥሎ መትከል ፈጣን ነው፤ አልክድም። ከዘር ማብቀል ግን ከጋራው የሚወስደው አንድ እፍኝ ዘር ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሬ ስለ ጦስኝ ብቻ ሳይሆን ከዘር ስለሚበቅል ጦስኝ ነው።

መጀመሪያ ስሞክር አልተሳካልኝም። ዘሩን እንደ ገብስ አፈር አለበስኩት፤ ወር ጠበቅሁ፤ የበቀለው አረም ብቻ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የጦስኝ ዘር ከጤፍ የማይበልጥ ነው፤ ለመብቀልም ብርሃን ይሻል። አፈር ከተጫነው ታፍኖ ይቀራል። ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው የገባኝ።

መንገዱ ይህ ነው። አበባው ረግፎ ቅንፍፎቹ ቡናማ ሲሆኑ ጫፍ ጫፉን ቆርጦ በጨርቅ ላይ ማድረቅ፣ አሽቶ በወንፊት ማበጠር። መጋቢት ላይ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ አሸዋ የበዛበት አፈር አድርጎ፣ ዘሩን ከደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ላዩ ላይ መበተንና በመዳፍ ጫን ማድረግ ብቻ ነው። ውሃውን በመርጫ እንደ ካፊያ ማርከፍከፍ፤ በጣሳ የሚያፈስ ሰው ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲይዝ በየስንዝሩ ወደ መሬት ማዛወር። ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን በጠጠር ከፍ አድርጉት፤ ጦስኝን ከድርቅ ይልቅ የሚገድለው ሥሩ ላይ የተኛ ውሃ ነው።

የማይሆንለትንም ልናገር። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አይሆንም፤ አልፎ አልፎ መረገጥን ይችላል እንጂ የዘወትር መንገድነትን አይችልም። የመጀመሪያውን ዓመት አረሙን በእጅ መልቀም ግድ ነው። መሬቱን ሙሉ ለሙሉ እስኪያለብስ አንድ ሁለት ክረምት ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ከያዘ በኋላ ግን ውሃ አይለምንም፤ ንቦች ይሰበሰቡበታል፤ ጫፉ ለሻይ ይቆረጣል። ሣር ሻይ ውስጥ አይገባም።

«ለቅመው የሚሸጡት ድሆች ምን ይብሉ?» ለሚለው መልስ አለኝ። እነሱን ከገበያ ማባረር ከባድ በደል ነው። በማጭድ ከሥሩ ከፍ አድርጎ ማጨድ ግን ገቢያቸውን አያጠፋም፤ የከርሞውንም ያተርፍላቸዋል። በየእርከኑ ጠርዝና በየጓሮው ከዘር ካበቀሉት ደግሞ ጋራ መውጣትም አይኖርባቸውም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ለእኛ አዲስ አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሜዳ ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት እየከፈቱ ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቀውታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢናጋም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሉበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ከመንዝ በምን እናንሳለን?

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። በየዓመቱ ለአረንጓዴ አሻራ የዛፍ ችግኝ የሚያፈሉ ጣቢያዎች አንድ መደብ ለጦስኝ ይስጡ። ዛፍ እንቆጥራለን፤ በዛፍና በዛፍ መሀል ያለውን ራቁት አፈር ግን የሚቆጥረው የለም። ማዘጋጃ ቤቶቻችን የመንገድ ዳር ሣር ለመግዛት ከመፈረማቸው በፊት አሥር ሜትር ላይ ይሞክሩት። እኛም በየግቢያችን አንድ ጥግ እንስጠው።

ዘሩ የሚሰበሰብበት ጊዜ ሲደርስ ወደ ጋራው የምትወጡ ሁሉ አደራ፣ ማጭድ እንጂ ዶማ ይዛችሁ አትውጡ።

ቸር እንሰንብት።