ከፍትፍቱ ፊቱ፦ በጎልማሳ ዕድሜ ጥርስ የማሳሰር ዋጋ

“ከፍትፍቱ ፊቱ” ይላል ያገራችን ሰው። እንግዳ ከቀረበለት ምግብ ይልቅ የሚጠግበው በአስተናጋጁ ፊት ነው ለማለት ነው። በአሜሪካ ግን ፊት፣ በተለይም ጥርስ፣ የራሱ የዋጋ ዝርዝር አለው። አንድ ጎልማሳ ጥርሱን በብረት አሳስሮ ለማስተካከል፣ ሁላችንም “ብሬስ” እያልን የምንጠራውን ለማስደረግ ቢነሳ፣ እንደ ከተማውና እንደ ጥርሱ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሺህ እስከ 7 ሺህ ዶላር ይጠየቃል። ከዚያ የሚበልጥም አለ። ይህ ገንዘብ ፓርኪንግ ለሚሠራ ወንድማችን ወይም አረጋውያንን ለምትንከባከብ እህታችን የወራት የቤት ኪራይ ነው፤ አገር ቤት ሆነው ለሚጠብቁ ወላጆች ደግሞ የረጅም ጊዜ ድጎማ ነው።

ለመሆኑ ይህ ዋጋ ከየት መጣ? ኢንሹራንስስ ለምን ፊቱን ያዞራል? እስቲ ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ከሥሩ እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ስናድግ ጥርስን የምንመዝንበት ሚዛን ሌላ ነበር። ፍንጭት ያላት ልጅ ትወደሳለች እንጂ አትታከምም። ድርብ ጥርስም ለብዙዎች የሳቅ ጌጥ ነው። እዚህ አገር ግን ፍንጭቱም ድርቡም በሐኪሙ ወረቀት ላይ “መስተካከል ያለበት” ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ማንኛችንም ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት “ይህ ጥርስ ያመኛል? ማኘክ ይከለክለኛል? ወይስ ለሰው ዓይን ነው?” ብለን መጠየቅ ይገባናል። ለሰው ዓይን ቢሆንም ነውር የለውም። ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ ሰው አፉን በእጁ እየሸፈነ ሲስቅ መዋሉ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚከፈልባቸው መንገድም ይለያያል።

ጥርስ በአሜሪካ ሕግ ከአካል ተለይቶ የሚኖር ነገር ነው። መነሻው ሩቅ ነው። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ በ1840 በባልቲሞር ሲቋቋም ከሕክምና ትምህርት ቤት ተነጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙና የጥርስ ሐኪሙ በየራሳቸው ትምህርት ቤት፣ በየራሳቸው ፈቃድ፣ በኋላም በየራሳቸው ኢንሹራንስ ሄዱ። በ1965 ሜዲኬር ሲታወጅ የተለመደው የጥርስ ሕክምና በሕጉ ውጭ ተደረገ። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ኦባማኬር የምንለው፣ የልጆችን የጥርስ ሕክምና ከመሠረታዊ ጥቅሞች አንዱ አድርጎ ሲቆጥር የጎልማሳውን ተወው። በ2021 ሜዲኬር ላይ ጥርስን ለመጨመር በኮንግረስ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ በወጪ ምክንያት ሐሳቡ ወደቀ።

ለድሃ የሚሆነው ሜዲኬይድም ለልጆች የጥርስ ሕክምናን ግዴታ ሲያደርግ፣ የጎልማሳውን ለየክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ትቶታል። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ቨርጂኒያ በ2021፣ ሜሪላንድ ደግሞ በ2023 ለጎልማሳ የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች የጥርስ ሕክምና ጀምረዋል። የሜሪላንድ ጉዳይ አሳዛኝ ታሪክ አለው። በ2007 ዲያሞንቴ ድራይቨር የተባለ የ12 ዓመት ልጅ የጥርሱ ቁስል ወደ አንጎሉ ዘልቆ ሞተ። በ80 ዶላር ገደማ ሊነቀል ይችል የነበረ ጥርስ ነበር። ሜሪላንድ የልጆችን የጥርስ አገልግሎት ማሻሻል የጀመረችው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው። ሆኖም ለጎልማሳ ተከፈተ የምንለው በር ለመንቀል፣ ለመሙላትና ለማጽዳት እንጂ ለብሬስ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በየአገሩ ያለውን ደንብ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ የጋራ ነገር ይታያል፤ እሱም የዕድሜ በር ነው። በአሜሪካ ብዙ የመሥሪያ ቤት የጥርስ ኢንሹራንሶች ለብሬስ የሚከፍሉት ከ19 ዓመት በታች ለሆነ ጥገኛ ልጅ ብቻ ነው። በእንግሊዝ የመንግሥቱ የጤና አገልግሎት፣ ችግሩ በሚለካበት ደረጃ ከባድ ከሆነ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ በነፃ ያስራል፤ ጎልማሳ ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ በስተቀር በግል በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፍላል። በጀርመን የሕዝብ ኢንሹራንሱ የሚሸፍነው ሕክምናው ከ18 ዓመት በፊት ከተጀመረ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንጋጋው በቀዶ ጥገና ጭምር መስተካከል ያለበት ሰው ካልሆነ አይከፍልም። በስዊድን ነፃ የጥርስ ሕክምና እስከ 23 ዓመት ይደርስ ነበር፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ 19 ዝቅ ብሏል።

ለአገሬው ተወላጅ ይህ ደንብ ብዙም አይጎዳውም፤ ጥርሱ የታየው በአሥራ ሁለት ዓመቱ ነውና። እኛ ግን አብዛኞቻችን በዲቪ፣ በጥገኝነት ወይም በትምህርት የመጣነው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ደረስን ማለት ነው። ደንቡ በስደተኛ ላይ ተብሎ አልወጣም፤ ውጤቱ ግን ጎልማሳ ሆኖ በመጣ ሰው ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው በአንድ ቤት ውስጥ የልጆቹ ጥርስ እንደ ሰልፈኛ ተስተካክሎ፣ የእናትና የአባት ሳይነካ የሚቀረው።

“እኔ እኮ የጥርስ ኢንሹራንስ አለኝ” የሚል ወገን አይጠፋም። የጥርስ ኢንሹራንስ የሚባለው ግን ከጤና ኢንሹራንስ ጋር ስሙ እንጂ አሠራሩ አይመሳሰልም። የጤና ኢንሹራንስ ከተወሰነ ወጪ በላይ ያለውን እሱ ይሸከማል። የጥርሱ ተገላቢጦሽ ነው፤ እስከ ተወሰነ ድረስ ይከፍልና ከዚያ በላይ ያለውን ለእናንተ ይተዋል። ጣሪያው በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ዶላር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያም 1 ሺህ ዶላር የተለመደ ጣሪያ ነበር። የዚያን ጊዜው 1 ሺህ ዶላር በዛሬ የመግዛት አቅም ከ7 ሺህ ይበልጣል። ዋጋው ወጣ፣ ጣሪያው ቆመ። ጎልማሳን የሚያካትት ፕላን ብታገኙ እንኳ ለብሬስ የሚሰጠው በዕድሜ ልክ አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ ዶላር አይበልጥም፤ ከመከፈሉ በፊት አንድ ዓመት መጠበቅን የሚጠይቅም አለ።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይሄዳል? ሙያዬ ምህንድስና ስለሆነ ከዕቃው ልጀምር። ጥርስ የሚጎትተው ሽቦ ከኒኬልና ከታይታኒየም የተቀላቀለ ኒቲኖል የሚባል ብረት ነው። የተገኘው በዚሁ በጎረቤታችን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ዋይት ኦክ በሚባለው ሰፈር በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በ1960ዎቹ መባቻ ገደማ ነው። ዛሬ በዚያ ግቢ ውስጥ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይገኛል። ሽቦው ቢጣመምም ወደ መጀመሪያ ቅርጹ ስለሚመለስ፣ ቀስ ብሎና ሳያቋርጥ ይጎትታል። በ1970ዎቹ የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ አንድሪያሰን ለጥርስ አዋለው። ዛሬ የአንዱ ሽቦ ዋጋ ጥቂት ዶላር ነው። ውዱ ነገር ብረቱ አይደለም ማለት ነው።

ውዱ ጊዜው ነው። ጥርስ በአጥንት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው፣ ግፊት በበዛበት ጎን አጥንት እየሟሟ በሌላው ጎን አዲስ እየተሠራ ነው። ፍጥነቱ በግምት በወር አንድ ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ሥራው ከ18 እስከ 24 ወር ይወስዳል፤ በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱ ወንበር ላይ መቀመጥን ይጠይቃል። የጎልማሳ መንጋጋ ደግሞ እድገቱን ስለጨረሰ እንደ ልጅ መንጋጋ እየመሩ ማሳደግ አይቻልም። የምትከፍሉት ለእነዚያ ሃያ ያህል ቀጠሮዎች፣ ለረዳቶቹ ደመወዝ፣ ለቤቱ ኪራይ፣ ለመሣሪያውና ለሐኪሙ ዕዳ ጭምር ነው። ዛሬ ተበድሮ ከጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የሚመረቅ ሰው በአማካይ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ዕዳ ይዞ ይወጣል፤ ኦርቶዶንቲስት ለመሆን በዚያ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይጨምራል።

ይህን ወጪ ለማሳጠር የሞከሩ ነበሩ። በ1997 የተቋቋመው አላይን ቴክኖሎጂ ኢንቪዛላይን የተባለውን ግልጽ ፕላስቲክ አመጣ። ከ2017 ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ የፈጠራ መብቶቹ ጊዜያቸው ሲያበቃ ተወዳዳሪ በዛ። ከሁሉ የገነነው ስማይል ዳይሬክት ክለብ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሳትመላለሱ፣ ፕላስቲኩ በፖስታ እየመጣላችሁ፣ በ2 ሺህ ዶላር ገደማ ጥርሳችሁን እናስተካክላለን አለ። በመስከረም 2019 በ23 ዶላር አክሲዮን ሸጦ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በመስከረም 2023 ወደ 900 ሚሊዮን የሚጠጋ ዕዳ ይዞ መክሰሩን አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ወር በሩን ዘጋ። “የዕድሜ ልክ ዋስትና” ያለው ቀረ፤ በየወሩ የሚከፍሉት ደንበኞች ግን መክፈላችሁን ቀጥሉ ተባሉ። ጥርሳቸው በግማሽ መንገድ የቆመባቸው ሰዎች ሌላ ሐኪም ፍለጋ ገቡ። ርካሽነቱ የመጣው ውዱን ነገር፣ የሐኪሙን ዓይን፣ በመቀነስ እንደነበር ያስተዋለ ጥቂት ነበር።

ሌላው ወጥመድ ብድሩ ነው። ሐኪም ቤት ውስጥ “ለ24 ወር ያለ ወለድ” ተብሎ የሚሰጥ የሕክምና ክሬዲት ካርድ አለ። ወለዱ ግን አልተሰረዘም፤ ተደብቆ ይቆጠራል። በሚገባ እናስላው። 6 ሺህ ዶላር ወስዳችሁ በወር 240 እየከፈላችሁ 24 ወር ሲሞላ 240 ዶላር ብቻ ቢቀራችሁ፣ በ27 በመቶ ሂሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ከ1,600 ዶላር በላይ በአንድ ጊዜ ይጫንባችኋል። በ2013 የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ኬርክሬዲት የተባለውን ካርድ ሰጪ፣ ደንበኞች በሚገባ ሳይነገራቸው ተመዝግበዋል በሚል እስከ 34 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አድርጓል። ብዙ ኦርቶዶንቲስቶች እኮ ራሳቸው ያለ ወለድ በየወሩ ያስከፍላሉ። ካርዱን ከመፈረም በፊት እሱን መጠየቅ ይቀድማል።

በእኛ በኩል ደግሞ የራሳችን ጉዳዮች አሉ። አንዱ “ግግ ማስወጣት” የሚባለው ነው፤ ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው፣ ያልበቀለ የወተት ጥርሱን ከድዱ ፈልፍሎ ማውጣት። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ አብሮ ሊጎዳ ስለሚችል፣ አንዳንድ ሰው የውሻ ክራንቻው የጎደለ ወይም የተጣመመ ሆኖ ያድጋል። ይህ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ታሪኩን ሳያፍር ቢነግር ይበጀዋል። ሁለተኛው በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂን በመሰሉ ቦታዎች፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርስ መበለዝ ነው። ብሬስ ቀለም አይለውጥም። ለጠቆረ ጥርስ ብላችሁ ብሬስ እንዳትገዙ፤ ሕክምናው ሌላ ነው፣ ዋጋውም ሌላ።

“አዲስ አበባ ርካሽ ነው፣ እዚያ አሳስሬ እመለሳለሁ” የሚለውም በአራት ሳምንት ፈቃድ አይሆንም። ማሰሩ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ሌላ ሰው ያሰረውን ተቀብሎ የሚቀጥል ሐኪም እዚህ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ቢገኝም እንደ አዲስ ሊያስከፍል ይችላል። አገር ቤት ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ድድና የተበላ ጥርስ ይታከም፤ በታመመ ድድ ላይ የታሰረ ብሬስ ጥርስ ያናጋል። ቀጥሎ ቢያንስ ከሦስት ኦርቶዶንቲስቶች ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ምክክር አያስከፍሉም። ራጁ፣ የሚሰበረው ብረት፣ በመጨረሻ የሚሰጠው ሪቴነር በዋጋው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ሪቴነር ካልተደረገ ጥርስ ወደነበረበት ይመለሳል። ለዋሽንግተን አካባቢ ነዋሪ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲና የባልቲሞሩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በእንደዚህ ያሉ ቦታዎች ለኦርቶዶንቲስትነት የሚሠለጥኑ ሐኪሞች በመምህራን ቁጥጥር ስለሚሠሩ ዋጋው ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ቀጠሮው ግን ይረዝማል።

ግብሩንም አትርሱ። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ብሬስን እንደ ሕክምና ወጪ ይቀበላል፤ ጥርስ ማንጣትን ግን አይቀበልም። መሥሪያ ቤታችሁ ኤፍ ኤስ ኤ ካለው በ2025 እስከ 3,300 ዶላር ከግብር በፊት ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ በ2026 ደግሞ 3,400 ሆኗል። ሕክምናው ሁለት ዓመት ስለሚነካ የሁለት ዓመቱን መጠቀም ይቻላል፤ እንደ ገቢያችሁ ከመቶ 20 እስከ 30 የሚሆነውን ያተርፍላችኋል። ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ወገኖች ኤፍ ኤስ ኤ የለም። ከ2026 ጀምሮ ግን ከመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ ብሮንዝ ፕላን የገዛ ሰው ኤች ኤስ ኤ መክፈት ተፈቅዶለታል፤ ያም ለዚሁ ይውላል።

የዕድሜው በር በቅርቡ ይከፈታል ብዬ አላስብም፤ የ2021ዱ ክርክር የት እንደቆመ አይተናል። በእጃችን ያለው ግን ትንሽ አይደለም። በየዓመቱ መጸው ሲመጣ የኢንሹራንስ መመዝገቢያ ወቅት ይከፈታል። የየከተማው ማኅበሮቻችን፣ ቤተ ክርስቲያኖቻችንና መስጊዶቻችን በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ መድበው፣ ከመካከላችን ያሉት የጥርስ ሐኪሞችና የግብር ባለሙያዎች ይህንኑ በአማርኛ ቢያስረዱ፣ አንድ ቤተሰብ ከሺህ ዶላር በላይ ሊያድን ይችላል። በየቦታው ያላችሁ የማኅበር ኃላፊዎች እንድታስቡበት አደራ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።