የመስተዋድድ ዘበኞች

በአገራችን እንግሊዝኛ የሚችለው ከማይችለው የሚለየው በምንድን ነው ቢባል፣ ብዙ ሰው በቃላት ሀብት ወይም በአነጋገር ቅላጼ ይመስለዋል። እኔ በትዝብት የደረስኩበት ሌላ ነው። የሚለየው በትንንሾቹ ቃላት ነው፤ በ«ኢን»፣ በ«ኦን»፣ በ«አት»፣ በ«ቱ»፣ በ«ፎር»። የሰዋስው ሊቃውንቶቻችን መስተዋድድ የሚሏቸው እነዚህን ነው። ሰውየው ሐሳቡን አብላልቶ፣ ማስረጃውን ደርድሮ፣ በባዕድ ቋንቋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናግሮ ሲያበቃ፣ ከአዳራሹ ጥግ የተቀመጠ አንድ ዘበኛ «ዲስከስ አባውት አይባልም» ይልና ይስቃል። ነገሩ በዚያው ያከትማል። ከዚያ ወዲያ ስለ ሐሳቡ የሚጠይቅ የለም።

የዛሬው ክሴ በእነዚህ ዘበኞች ላይ ነው።

እስቲ መጀመሪያ «ዲስከስ አባውት» የሚለው ሰው ለምን እንዲያ እንደሚል እንይ። አማርኛው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ይላል። ሰውየው «ስለ»ን ይዞ ወንዙን ተሻገረ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። «ጠበቅኩህ» ስንል ደግሞ በመካከል ምንም የለም፤ ስለዚህ «ዌይት ዩ» እንላለን፤ እንግሊዙ ግን «ፎር» ካልጨመራችሁ ይለናል። ሙዚቃ እናዳምጣለን፤ እሱ «ቱ» ይሻል። እኛ «ከእገሊት ጋር ተጋባ» ስንል እሱ «ጋር» የሚባል ነገር አያስፈልግም፣ ዝም ብለህ አግባ ይላል። እዚህ ውስጥ ስንፍና የት አለ? ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደማያውቁት መሄድ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እንግሊዝኛውስ ቢሆን መቼ በአንድ ቃል ጸንቶ? «ዲስከስ» የሚለው ግስ «አባውት»ን አያስጠጋም፤ ከዚያው ግንድ የበቀለው «ዲስከሽን» ግን በደስታ ይቀበለዋል፤ «ቶክ» ደግሞ ያለ እሱ ንቅንቅ አይልም። ሳቂው ዘበኛ ምክንያቱን ቢጠየቅ «እንዲያ ነው የሚባለው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

የእኛ «በ» ደግሞ ጉደኛ ፊደል ናት። በ3 ሰዓት፣ በመስከረም፣ በአውቶቡስ፣ በቢላ፣ በቤቱ፤ ይህን ሁሉ ብቻዋን ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ይህንኑ ሸክም ለአምስት ሠራተኛ ያከፋፍለዋል፦ ለሰዓቱ «አት»፣ ለወሩ «ኢን»፣ ለመጓጓዣው «ባይ»፣ ለቢላው «ዊዝ»፣ ለዕለቱ «ኦን»። ጠዋት ሲሆን «ኢን»፣ ሌሊት ሲሆን «አት» ነው። አውቶቡስ ላይ ስንሳፈር «ኦን»፣ ታክሲ ውስጥ ስንገባ «ኢን» ነው። ለዚህኛው እንኳ ምክንያት ይሰጡታል፤ ቆመህ የምትንቀሳቀስበት ከሆነ «ኦን»፣ ጎንበስ ብለህ የምትገባበት ከሆነ «ኢን» ነው ይላሉ። ጎንበስ ብለን የምንገባበት፣ ረዳቱ ግን እንደ አውቶቡስ ሰው የሚጭንበት ሚኒባሳችን ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ሕጉን ያወጡት ሰዎች አላሰቡበትም።

ባለቤቶቹስ ይስማማሉ? ለንደን ላይ ቅዳሜና እሑድን በ«አት» ሲጠሩት ኒውዮርክ ላይ በ«ኦን» ይጠሩታል። የአንዱ ቅጽ «ኢን» ተብሎ ሲሞላ የሌላው «አውት» ተብሎ ይሞላል። አሜሪካዊው ደብዳቤ ሲልክ «ራይት ሚ» ቢል ነውር የለበትም፤ እንግሊዙ «ቱ»ን ይፈልጋል። «ዲፈረንት» ከሚለው ቃል በኋላ «ፍሮም»፣ «ቱ» ወይስ «ዛን» ይግባ በሚለው ጉዳይ ትውልድ ተጨቃጭቋል፤ ታዋቂው የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት ደራሲ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 «ከፍሮም በቀር አይሆንም» ማለትን አጉል እምነት ብሎታል። ዘበኛማ እነሱም ዘንድ ነበር። ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ቤን ጆንሰንን ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ጨረስክ ብሎ ወቀሰው፤ ኋላም በ1668 ያወጣውን የራሱን ድርሰት እንደገና ሲያሳትም ያንኑ «ጥፋት» እየፈለገ አረመ። እንግሊዞች ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዓረፍተ ነገራቸውን በመስተዋድድ ሲጨርሱ ኖረዋል።

መስተዋድድ ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስልብኝ። ይህን ብል የገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ያሳፍረኛል። እ.ኤ.አ. በ451 የተሰበሰበው የኬልቄዶን ጉባኤ «በሁለት ባሕርይ» የሚለውን አጸደቀ፤ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ ወገን «ከሁለት ባሕርይ» በሚለው ጸና። በጽርእ ቋንቋ ልዩነቱ የ«ኤን» እና የ«ኤክ» ነው፤ በአማርኛ የ«በ» እና የ«ከ»። በዚህች አንዲት ፊደል ዙሪያ ጳጳሳት ተሰደዋል፣ ደም ፈሷል፣ የተለያዩት ወገኖች እስከ ዛሬ በአንድ መሠዊያ አልቆረቡም። በፍርድ ቤትም ቢሆን «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ በአንዱ ሰውየው ቤቱን ያገኛል፣ በሌላው ቤቱን ያጣል። «መሰከረለት»፣ «መሰከረበት»ም እንዲሁ። እንግሊዝኛም ይህን የመሰለ አለው፤ ኳስ «ቱ» ተብሎ ሲወረወር ለመቀባበል ነው፣ «አት» ተብሎ ሲወረወር ለመምታት ነው።

እንግዲህ መስተዋድድ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው። አንዱ ትርጉም ይለውጣል፤ ሌላው ልማድ ነው፣ ቢሳሳትም ሰሚው ያለ ችግር ይረዳዋል። የእኛ ዘበኞች ክፋታቸው ሁለቱን በአንድ ጅራፍ መግረፋቸው ነው።

ባንድ ወቅት እኔም በተገኘሁበት ስብሰባ፣ ለአንድ የውጭ አገር እንግዳ ሲባል ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይካሄድ ነበር። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ተነሥታ፣ ሥራው ቦታ የደረሱት ቧንቧዎች በውሉ ከተጻፈው ውፍረት ያነሱ መሆናቸውን ማስረዳት ጀመረች። «አራይቭ ቱ» አለች። ሰብሳቢው አቋረጣትና «የኔ እኅት፣ አራይቭ አት ነው የሚባለው» አላት፤ አዳራሹ ሳቀ። ልጅቷ ቁጭ አለች። ያልሳቀው እንግዳው ብቻ ነበር፤ ስለ ቧንቧው ሊጠይቅ እጁን ሲያነሣ የሻይ ሰዓት ደረሰ ተባለ። ያቺ ልጅ ወደ ስብሰባው መጨረሻ ገደማ አንድ ሁለት ጊዜ አፏን ልትከፍት ብላ ስትተወው አይቻለሁ። ስለ ቧንቧዎቹ ውፍረት የተናገረ ሌላ ሰው አልነበረም።

ይህ ዘበኝነት ከሰማይ አልወረደም፤ ከክፍል ነው የመጣው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎታል። ስለዚህ ተማሪው ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚጠይቀው በዚሁ ቋንቋ ነው፤ አፉን ካልከፈተ አይማርም። እኛ ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት ክፍት ቦታ እናስሞላዋለን። ዓረፍተ ነገር ይጻፍና መካከሉ ላይ ሰረዝ ይሰመራል፤ ከሥሩ አራት መስተዋድድ ይደረደራል። «ጉድ» ከሚለው በኋላ «አት» ያላከበበ ልጅ ይወድቃል። ሂሳብ ጎበዝ ነኝ ለማለት ፈልጎ «ኢን» ቢል ግን ጎበዝነቱን የማይረዳለት ሰው አለ? የሰፈር መጻሕፍት አዟሪዎች የሚሸጧቸው የመስተዋድድ ዝርዝሮችም ከዚህ አይሻሉም፤ ልጁ መቶ ግስ ከነጅራቱ ይሸመድድና በማግስቱ ጅራቶቹን ያደባልቃቸዋል።

ልጅ አፉን ሲፈታ «በ» እና «ለ» ብለን አላስተማርነውም። «እናቴ ዘፈነችልኝ»፣ «ወንድሜ ሳቀብኝ» የሚለውን እንዳለ ሰምቶ እንዳለ ወሰደው። እንግሊዝኛውም በዚሁ መንገድ፣ «ዌይት ፎር ሚ» እንደ አንድ ቃል፣ «ጉድ አት» እንደ አንድ ቃል፣ ከሚነገር ንግግርና ከሚነበብ ተረት ጋር ቢገባ ይሻላል። መምህሩም ትርጉም የሚያዛባውን በጊዜው ያርም፤ የቀረውን ልጁ ተናግሮ እስኪጨርስ ይታገሠው።

ራሳችንስ ለአማርኛችን እንዲህ እንጠነቀቃለንን? መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከጠረጴዛው ላይ ነው፣ እጠረጴዛው ላይ ነው፤ አራቱንም እንላለን፣ አራቱንም እንሰማለን፣ ማንም በማንም አይስቅም። ይህ ቸርነት ያስደስተኛል። የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። እንግሊዝኛ ላይ ጅራፍ ያነሣው ዘበኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ ምን ሲል ይውላል? አባቶቻችን «ሦስት ዓመት ሠራሁ» ይሉ የነበረውን እሱ «ለሦስት ዓመት ሠራሁ» ይላል፤ «ፎር»ን አዝሎ መምጣቱ ነው። እነሱ «ስለ ጉዳዩ መከሩ» ሲሉ እሱ «በጉዳዩ ላይ» ይወያያል፤ ይህኛው የ«ኦን» ጥላ ነው። ሲናደድ ደግሞ «እንደ አንድ ዜጋ» ብሎ ይጀምራል፤ ዜጋ መሆኑን ማን ተጠራጥሮት እንደሆነ እንጃ። ያቺን መሐንዲስ ያረማት ሰብሳቢም ከሻይ በኋላ ስብሰባውን በአማርኛ ሲዘጋ «በቀጣይ ሥራዎቻችን ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል በጥልቀት ተወያይተናል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።