ማንም ያልሰጠው የቤት ሥራ

በ1937 ነሐሴ ወር አንድ የ21 ዓመት ወጣት የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፉን በተለምዶ ኤም.አይ.ቲ. ለሚባለው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አስረከበ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ ስለ ሪሌይና ስለ ማብሪያ ማጥፊያ ሰርኪዩቶች ምልክታዊ ትንተና ይላል፤ እንኳን ተራውን አንባቢ የዘርፉን ሰውም የሚያስተኛ ዓይነት ነው። ዛሬ በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ያሉት የሎጂክ ሰርኪዩቶች የሚነደፉበት ስልት ግን መሠረቱ ያ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ክሎድ ሻነን ይባላል። ስለ ሻነን ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው ሊቅነቱ ነው፤ እሱን የሚክድ የለም። ለኢትዮጵያ የምህንድስና ተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገር ነው፦ ያንን ርእስ ማንም አልሰጠውም።

ሻነን ያደገው ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ጌይሎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበሩ፤ አባቱ ነጋዴ፣ ኋላም ዳኛ። ልጁ የተበላሸ ሬዲዮ ይጠግናል፤ የግጦሽ መሬት የታጠረበትን እሾሃማ ሽቦ የቴሌግራፍ መስመር አድርጎ ግማሽ ማይል ርቆ ከሚኖር ጓደኛው ጋር መልእክት ይለዋወጣል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1936 የወጣው በሁለት ዲግሪ ነው፤ አንዱ በኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ሌላው በሒሳብ።

እዚያ ሳለ ከምህንድስናው ጋር ምንም የማያገናኘው የሚመስል የሎጂክ ትምህርትም ተማረ። ጆርጅ ቡልን ያወቀው በዚያ ክፍል ነው። ቡል እንግሊዝ አገር የተወለደ የጫማ ሠሪ ልጅ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ ራሱን አስተምሮ አየርላንድ ውስጥ በኮርክ ከተማ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው አስተሳሰብ በአልጀብራ ሊጻፍ እንደሚችል አሳየ። እውነት 1፣ ሐሰት 0 ይሆናሉ፤ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉት ማያያዣዎች ደግሞ እንደ መደመርና ማባዛት ይሰላሉ። 80 ዓመት ያህል ይህ አልጀብራ ከፈላስፎችና ከሒሳብ ሰዎች ጠረጴዛ ብዙም ሳይርቅ ቆየ።

ሻነን በተመረቀበት ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈች ፖስትካርድ አየ። ኤም.አይ.ቲ. ግማሹን ጊዜ እየሠራ ግማሹን የሚማር፣ አንድ የስሌት ማሽን የሚያንቀሳቅስ ረዳት ይፈልጋል። አመለከተ፤ ተቀበሉት። ማሽኑ የፕሮፌሰር ቫኔቫር ቡሽ ዲፈረንሻል አናላይዘር ነው፤ አንድ ክፍል የሚሞላ የዘንግ፣ የማርሽና የሚሽከረከር ዲስክ ስብስብ። ተመራማሪዎች ስሌታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ረዳቱ ማሽኑን እንደየስሌቱ ያዘጋጃል፣ ያስነሳል፣ ሲበላሽ ያስተካክላል። ወግ ያለው ሥራ አይደለም። ብዙ ሰው ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ይገባ ነበር።

ሻነንን የያዘው የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ነው። ከ100 በላይ ሪሌዮች ነበሩበት። ሪሌይ ማለት በኤሌክትሪክ ማግኔት ተስቦ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በዚያ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ጣቢያዎች የሚሠሩትም በዚሁ ዕቃ ነበር። እንዲህ ያለ ሰርኪዩት የሚነድፍ መሐንዲስ መመሪያው ልምድ ነበር፤ ይስላል፣ ይገጥማል፣ ካልሠራ ደግሞ ይስላል። ሻነን ግን ሳጥኑን ሲያይ የሎጂክ ክፍሉ ትዝ አለው። ሁለት ማብሪያዎች በአንድ ሽቦ ላይ ተከታትለው ቢገጠሙ አምፖሉ የሚበራው ሁለቱም ሲበሩ ነው፤ ይህ የቡል «እና» ነው። ጎን ለጎን ቢገጠሙ አንዱ ይበቃል፤ ይህ ደግሞ «ወይም» ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ ከታችም ከላይም የሚታዘዘውን የደረጃ መብራት ያየ ሰው ሦስተኛውን ዓይነት ያውቀዋል፦ አንደኛው ማብሪያ በተነካ ቁጥር፣ የሌላው ሁኔታ ምንም ይሁን ምን፣ መብራቱ ይለወጣል። እንግዲህ ሰርኪዩት ሁሉ እኩልዮሽ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። እኩልዮሹን ወረቀት ላይ ያሳጥሩታል፤ ያጠረው እኩልዮሽ በጥቂት ሪሌይ የሚሠራ ሰርኪዩት ይሆናል።

በ1937 ክረምት ኒው ዮርክ በሚገኘው የስልክ ምርምር ተቋም፣ በቤል ላብስ፣ ሠራ። ሪሌይ ሌት ተቀን የሚታሰብበት ቤት ስለነበር ሐሳቡ እዚያ ይበልጥ ጠራለት። ጽሑፉ ውስጥ በምሳሌነት ከነደፋቸው መካከል በትክክለኛው ቅደም ተከተል ሲነካ ብቻ የሚከፈት የኤሌክትሪክ ቁልፍና በ0 እና በ1 ብቻ የሚደምር ሰርኪዩት ይገኙበታል። ሁለተኛው የዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ልብ ውስጥ አለ። ጽሑፉ በ1938 በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር መጽሔት ታተመ፤ የአልፍሬድ ኖብል ሽልማትንም አስገኘለት። ይህ ኖብል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ከስዊድኑ ኖቤል ጋር አይዛመድም።

እዚህ ላይ ጀግና ማምለክ የሚወዱ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ሻነን ብቻውን አልነበረም። ጃፓን ውስጥ የኤን.ኢ.ሲ. ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው አኪራ ናካሺማ በዚያው በ1930ዎቹ ስለ ሪሌይ ሰርኪዩቶች ተቀራራቢ ሐሳብ እያሳተመ ነበር። ሞስኮ ውስጥም ቪክቶር ሼስታኮቭ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ ነበር፤ ጽሑፉ የታተመው ግን በ1941 ነው። ጥያቄው ሪሌይ በሚነካ ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ሻነን ራሱ ዕድሜው ከገፋ በኋላ የሰጠው ማብራሪያ ትሕትና የተሞላበት ነው፤ ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ላይ የሚያውቅ ሌላ ሰው በአካባቢው አለመኖሩን እንደ አጋጣሚ ቆጠረው። ሎጂኩን ባይማር ኖሮ ያ ሳጥን ለእሱም ሳጥን ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ የታዘዘ ርእስና የራስ ርእስ እንዴት እንደሚለያዩ ያሳያል። ፕሮፌሰር ቡሽ የሻነን አልጀብራ ለዘረመል ጥናትም ይጠቅማል ብለው አመኑ፤ ወደዚያ ላኩት። ሻነን እሺ ብሎ ሄደ፤ በ1940 የዶክትሬት ዲግሪውን የያዘው ስለ ዘረመል አልጀብራ ጽፎ ነው። ሥራው መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን አላሳተመውም፣ ወደ መስኩም አልተመለሰም። በ1939 መጀመሪያ ለቡሽ በጻፈው ደብዳቤ ከመደበኛው ሥራ ጎን አንድ ነገር እየሞከረ መሆኑን ገልጾላቸው ነበር፦ ስልክም ሆነ ሬዲዮ፣ ቴሌግራፍም ሆነ ቴሌቪዥን መልእክት ሲያስተላልፍ የሚገዛበትን የጋራ ሕግ መፈለግ። ይሄኛውም ማንም ያላዘዘው የቤት ሥራ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ቤል ላብስ ውስጥ የምስጢር ጽሑፍ ሥራ ተሰጠው፤ እሱ ግን የራሱን ጥያቄ በትርፍ ጊዜው ይዞ ቆየ። ከዚያ ደብዳቤ 9 ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ የመገናኛ ሒሳባዊ ንድፈ ሐሳቡን አሳተመ። ድምፅም ይሁን ምስል ወይም ጽሑፍ፣ ማንኛውም መልእክት በቢት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብዛት፣ ሊለካ እንደሚችል፣ እያንዳንዱ መስመርም የማይታለፍ ወሰን እንዳለውና ከዚያ ወሰን በታች እስከተላከ ድረስ ስሕተቱን የፈለጉትን ያህል ማሳነስ እንደሚቻል ያስረዳው ሥራ ነው። ዛሬ በስልክ የሚላክ ፎቶግራፍና በሳተላይት የሚመጣ ሥርጭት በዚህ ሕግ ይተዳደራሉ።

ይህን ታሪክ ይዞ «አየህ፣ ራስህን ቻል፤ ኢንተርኔት አለልህ» ብሎ ተማሪን ማሰናበት ግን ቀልድ ነው። ሻነን ደመወዝ የሚከፈለው ረዳት ነበር። ያልተሟላ ሐሳቡን በደብዳቤ የሚያካፍለው ትልቅ ሰው ነበረው። ክረምቱን የሚያሳልፍበት ላቦራቶሪ ነበረው። የምህንድስና ተማሪ የፍልስፍና ክፍል ገብቶ ሲቀመጥ የከለከለው አልነበረም። ተቋሙ ያደረገለት በሩን በትንሹ ከፍቶ መተው ነው፤ ያቺ ትንሽ ክፍተት ግን ባትኖር የትም አይደርስም ነበር።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከተማሪው ሰባ በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ የሚመድበው ሰባ በሠላሳ የተባለው የቅበላ ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ፣ ምህንድስና ክፍሎቻቸውን በተማሪ ሞልተዋል። ላቦራቶሪውና መምህሩ በዚያው ልክ አላደጉም፤ ይህን ግቢ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ተደጋግሞ የሚነገረው የገንዘብ እጥረት እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ተማሪው የሻነንን ቦታ የሚያገኘው በመጨረሻው ዓመት፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲመርጥ ነው። በዚያን ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? ርእሱ ከሲኒየር ፍላሽ ይወረሳል። በአርዱዪኖ የሚሠራው የመስኖ መቆጣጠሪያ፣ ራሱን የሚያዘው የትራፊክ መብራት፣ የጣት አሻራ መመዝገቢያው ስማቸው ትንሽ እየተለወጠ ዓመት በዓመት ይቀርባሉ። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ግሬዱ የሚሰጠው በሚሠራ ዕቃና በተጠረዘ ወረቀት ነው፤ ያልታወቀ ነገር ጠይቆ ሳይሳካለት የቀረ ተማሪ ከኮፒው ያነሰ ነጥብ ያገኛል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ለምን ይሞክራል?

ሞክረው መንገዱን ያገኙ ግን አሉ። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ስታንፎርድ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ አፕል ኩባንያ ውስጥ በድምፅ ሰርኪዩቶች ላይ ትሠራ ነበር። ከዚያ ወደ ኮምፒውተር እይታ ምርምር ተሻግራ በ2017 ዶክትሬቷን ያዘች። በማግሥቱ ዓመት ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያሳተመችው ጥናት ለገበያ የቀረቡ የፊት መለያ ሶፍትዌሮች የጠቆሩ ሴቶችን ጾታ ሲለዩ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚሳሳቱ፣ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ግን ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ እንደማያልፍ አሳየ። ሰርኪዩት ያስተማራት ክፍል ይህን ጥያቄ አልሰጣትም።

ከዚህም ቀረብ ያለ አለ። ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ቋንቋዎች የምርምር ስብስብ ከ2019 ጀምሮ ተማሪዎችንና በጎ ፈቃደኞችን ከየአገሩ አገናኝቷል። በ2021 የወጣው አንዱ ሥራቸው አማርኛን ጨምሮ በ10 ቋንቋዎች ዜና ውስጥ የሰውን፣ የቦታንና የድርጅትን ስም ኮምፒውተር እንዲለይ የሚያስተምር መረጃ ነው። ይህን ለመሥራት ትልቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ጋዜጣ አንብቦ ቃል በቃል ምልክት የሚያደርግ ሰው እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አራት ኪሎም፣ ባሕር ዳርም፣ ጅማም ሞልቷል።

ለዘንድሮ ተመራቂ አንድ ርእስ ከሻነን ራሱ መዋስ ይቻላል። በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ የእንግሊዝኛን ፊደል ምን ያህል መገመት እንደሚቻል ለክቷል። መሣሪያው መጽሐፍና እርሳስ ነው። አንዱ ሰው ጽሑፉን ሸፍኖ ይይዛል፤ ሌላው ቀጣዩን ፊደል ይገምታል፤ በስንተኛው ግምት እንዳገኘው ይመዘገባል። 26ቱ ፊደላትና ባዶ ቦታው እኩል ዕድል ቢኖራቸው ኖሮ እያንዳንዱ 4.75 ቢት ገደማ ይይዝ ነበር፤ ሻነን ያገኘው ግን፣ አንባቢው ቀድሞ ያለፈውን 100 ፊደል ሲያውቅ፣ ከ0.6 እስከ 1.3 ቢት የሚደርስ ነው። አማርኛ ከ33ቱ ቤቶች በ7 በ7 ብቻ 231 ፊደል አለው፤ በእኩል ዕድል ቢሰላ ለአንዱ ወደ 8 ቢት ይጠጋል። «ኢትዮ» ካለ በኋላ ግን «ጵ» እንደሚመጣ የማይገምት አንባቢ የለም። ግሱ ሲረባ፣ ቅጥያው ሲደረብ ግምቱ የት ላይ ይቀላል፣ የት ላይ ይከብዳል? ልቦለድ ከዜና፣ ጸሎት ከሕግ ሰነድ ምን ያህል ይለያያል? መልሱ ለስልክ ቁልፍ ሰሌዳ፣ የታተመ መጽሐፍ ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጥ ሶፍትዌር፣ ለጽሑፍ መጭመቂያም ይጠቅማል። ሁለት ጓደኛሞች ዶርም ውስጥ ቁጭ ብለው ሊጀምሩት ይችላሉ።

ከትምህርት ክፍሎች የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም። የዘንድሮው የፕሮጀክት ምርጫ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ መምህር እሱን ራሱን ያስቸገረውን፣ መልሱን የማያውቀውን አንድ ጥያቄ በአንድ ገጽ ጽፎ ይለጥፍ። ጥያቄውን ይዞ ለሚመጣ ተማሪ በሳምንት አንድ ሰዓት ይስጠው። የምዘናው መመሪያም በሐቀኝነት የተሞከረና ያልተሳካ ሥራ ከተወረሰ ፕሮጀክት የበለጠ ነጥብ እንዲያገኝ ይስተካከል፤ ይህን ለመወሰን የአንድ ትምህርት ክፍል ስብሰባ ይበቃል።