በደረት ውስጥ ያለችው መሣሪያና በእብራይስጥ የተጻፈው ደብዳቤ

ልባቸው በጣም በዝግታ ለሚመታ ሰዎች ሐኪሞች ከደረታቸው ቆዳ ሥር አንዲት ትንሽ መሣሪያ ያስገቡላቸዋል። እዚህ አገር «ኮጼቭ ሌቭ» ትባላለች። ከወላጆቻችን መካከልም የተሸከሟት አሉ። ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ ሥራዋን የሚመለከተውና የሚያስተካክለው በራዲዮ ሞገድ ነው። ሐኪም የሚገባበት በር ካለ ደግሞ ሌባም ሊሞክረው ይችላል።

ነገሩ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ልብ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚመልስ ተመሳሳይ መሣሪያ በራዲዮ አማካይነት ሥራው ሊለወጥ እንደሚችል በቤተ ሙከራ አሳዩ። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዲክ ቼኒ ሐኪማቸው በ2007 የመሣሪያቸውን የራዲዮ ግንኙነት እንደዘጋላቸው በ2013 ተናግረዋል። በ2017 ደግሞ አቦት የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ብቻ ለ465,000 ያህል መሣሪያዎች አዲስ ፕሮግራም አወጣ። ቀዶ ሕክምና አላስፈለገም። ሕመምተኛው ክሊኒክ ሄዶ 3 ደቂቃ ያህል መቀመጥ ብቻ ነበረበት። በዚያን ጊዜ በዚህ ምክንያት ተጎዳ የተባለ ሰው አልነበረም።

እኔን ከሌባው ይልቅ የሚያስፈራኝ ፖስታው ነው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በእብራይስጥ ተጽፎ ሲመጣ እናታችን ከመብራት ሒሳቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ወይም የ12 ዓመት የልጅ ልጅ «ማሽኑ ተበላሽቷል ይላል» ብሎ ይተረጉማል። አያት ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም፤ «አውጡልኝ» ይላሉ፤ ወይም ክትትሉን ይተዋሉ። (ልጁ ምን ያድርግ? እሱም ቃሉን አያውቀውም።) ክትትል ለቀረበት ሰው ግን ከሩቅ ሌባ ይልቅ ሳይታይ የሚያልቅ ባትሪ ይቀርበዋል።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ቋንቋውን ለማይችል ሕመምተኛ አገልግሎታቸውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያቀርቡ አዟል። ስለዚህ ስለ ሰው ልብ የተጻፈን መልእክት በእብራይስጥ ብቻ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥሎ «ነግረናቸዋል» ማለት አይቻልም። ኩፓት ሆሊም ስልክ አንሥቶ በአማርኛ ይንገር።

እናንተም መሣሪያዋ ስትገባ የተሰጠችውን ካርድ ሳትይዙ ወደ ክትትል አትሂዱ፤ ዓይነቷና ቁጥሯ እዚያ ላይ ተጽፏል። «የዚህች መሣሪያ ፕሮግራም መታደስ አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተርጓሚም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ይሁን።